ማጣሪያው ወዴት ይግባ? ስለ ዓሣ ዐይን ሌንስና ስለማይታየው ብርሃን የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣንበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ዙሪያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚያየው፣ «የዓሣ ዐይን» በሚባለው ሌንስ፣ ዐይናችን በማያየው ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት የፈለገ ሰው ማጣሪያውን የት ያድርገው? ከሌንሱ ፊት ነውን? ከሌንሱ ኋላ ነውን? ወይስ በካሜራው ሆድ ውስጥ? «ይህማ የፎቶ ቤቶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥቂት ታግሣችሁ ብትሰሙን፣ የማጣሪያው ቦታ ሲሳሳት ጤነኛው ዛፍ በሽተኛ መስሎ ሊታይ እንደሚችል እናሳያችኋለን። በዚያ ሥዕል ላይ ተደግፎ ጥናት የሚጽፍ ተማሪም ሳያውቀው ሐሰት ይጽፋል ማለት ነው። አባቶቻችን «ዓሣ መብላት በብልሃት» ያሉት ስለ አጥንቱ ነው። በዓሣ ዐይን ማየትም አጥንት አለውና ብልሃት ይፈልጋል።

በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሁለቱም ታሪክ፣ የዓሣ ዐይኑም የማይታየው ብርሃን ፎቶግራፍም፣ ከአንድ ሰው ይጀምራል። ይህ ሰው በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ሮበርት ዉድ ነው። ዉድ በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዓሣ ከውኃ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲመለከት ዓለምን እንዴት እንደሚያይ መረመረ። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ይታጠፋል። ስለዚህም ከአንዱ አድማስ እስከ ሌላው አድማስ ያለው 180 ዲግሪ ሁሉ፣ ከውኃው በታች ላለው ዐይን 97 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሾጣጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባል። ዉድ ይህን በሒሳብ ብቻ አልተወውም። ከባልዲ ግርጌ የፎቶግራፍ ሰሌዳ አስቀምጦ፣ ውኃ ሞልቶበት፣ ብርሃኑ በትንሽ ቀዳዳ በኩል እንዲገባ አድርጎ ሥዕሉን አነሣ። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው ሌንስ ስሙንም ሐሳቡንም ያገኘው ከዚያ ባልዲ ነው። የመሣሪያ እጦት ሥራ አስፈታን ለምንል ተማሪዎች ይህ ትምህርት ይሆነናል።

ይኸው ዉድ በ1910 ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ ቀረበ። ጥቁር ሰማያዊ የኮባልት ብርጭቆና የፖታሲየም ባይክሮሜት ውሑድን አጣምሮ የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ፣ ከቀይ ወዲያ ያለውን ግን የሚያሳልፍ ማጣሪያ አበጀ። በዚህም ያነሣቸው የገጠር ሥዕሎች ታትመው ሲወጡ ሰው ተደነቀ፤ ዛፎቹ በረዶ እንደወረደባቸው ነጭ፣ ሰማዩ ደግሞ እንደ ሌሊት ጥቁር ነበርና። የቅጠሉ ንጣት እስከ ዛሬ በእርሱ ስም «የዉድ ውጤት» እየተባለ ይጠራል። እንግዲህ ሁለቱን በሮች አንድ ሰው ከከፈታቸው፣ ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ይመስላል። ሆኖም ግን ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱንም በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ ይህ የማይታይ ብርሃን ምንድር ነው? ዊልያም ሄርሼል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፍሎ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ምንም ቀለም ከማይታይበት ቦታ ላይ ቢያስቀምጠው ሙቀቱ ሲጨምር አየ። ይህም ኢንፍራሬድ፣ በእኛ ቋንቋ ታሕተ ቀይ የሚባለው ነው። ዐይናችን የሚያየው ብርሃን ሞገዱ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ነው። በተራ ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ያለው የሲሊኮን መቀበያ ግን እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ሊያይ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማረም ይገባናል። በዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ የሚታየው የሰውነት ወይም የምድጃ ሙቀት አይደለም። ሙቀትን የሚያሳዩት መሣሪያዎች የሚሠሩት ከ8,000 እስከ 14,000 ናኖሜትር ባለው ሞገድ ነው፤ ሌንሳቸውም ከተራ መስታወት አይሠራም። እኛ የምንናገርለት ከፀሐይ መጥቶ፣ ከቅጠልና ከድንጋይ ተንጸባርቆ ወደ ካሜራችን የሚገባውን፣ ለቀይ ጎረቤት የሆነውን ብርሃን ነው።

ቅጠል ለምን ነጭ ይሆናል? በቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግብ ሥራው ይውጠዋል፤ ከአረንጓዴው ጥቂት ይመልሳል። ታሕተ ቀዩን ግን አይፈልገውም። ስለዚህ ይህ ብርሃን በቅጠሉ ሴሎችና በመካከላቸው ባለው አየር ወዲያና ወዲህ ሲላተም ቆይቶ፣ ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ይወጣል። ሰማዩስ ለምን ይጠቁራል? አየር አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን አብልጦ ስለሚበትን ነው። በሒሳብ ብናየው 800 ናኖሜትር የሆነው ብርሃን ከ450 ናኖሜትሩ ሰማያዊ ጋር ሲነጻጸር የሚበተነው አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከጠራው ሰማይ ወደ ሌንሱ የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ ሰማዩ ጥቁር ይሆናል።

ወደ ሌንሱ እንመለስ። ከዉድ ባልዲ በኋላ በ1924 እንግሊዛዊው ሮቢን ሂል ሰማይን በሙሉ ከነደመናው በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚያነሣ የመስታወት ሌንስ አስተዋወቀ። ይህ ሂል የካምብሪጅ ባዮኬሚስት ሲሆን፣ በ1937 ከቅጠል የተለየ ክሎሮፕላስት በብርሃን ኦክሲጅን እንደሚያወጣ ያሳየው፣ ስሙም በባዮሎጂ መጽሐፋችን «የሂል ሪአክሽን» ተብሎ የሚገኘው ሰው ነው። የዓሣ ዐይን ሌንስና አረንጓዴ ቅጠል በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። በ1959 ደግሞ ኢቫንስና ኩምብ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት ሌንስ ከዛፍ ሥር ወደ ላይ አዙረው፣ በደን ውስጥ ምን ያህል ብርሃን እንደሚገባ ለማጥናት ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ የደን ጥናት የዓሣ ዐይንን አልለቀቀውም።

አሁን ጥያቄያችንን እንያዝ። ማጣሪያውን እንደ ልማዱ ከሌንሱ ፊት ብናደርገው ምን ይሆናል? ሦስት እንቅፋቶች አሉ።

አንደኛው የሚዳሰስ ነው። የዓሣ ዐይን ሌንስ የፊት መስታወት እንደ እንቁራሪት ዐይን ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ ጠፍጣፋ ማጣሪያ አይቀመጥበትም፤ አብዛኛውን ጊዜም የማጣሪያ መጠምዘዣ የለውም። ሁለተኛው የማዕዘን ነው። ሌንሱ 180 ዲግሪ ካየ፣ ከጎን የሚመጣው ጨረር ከጠፍጣፋው ማጣሪያ ጋር ትይዩ ሆኖ ስለሚሄድ ከቶ ሊገባ አይችልም። ጥቂት ዘንበል ብሎ የሚመጣውም ቢሆን አብዛኛው ከማጣሪያው ገጽ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ የማጣሪያው ቀለበትም ራሱ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛው ተንኰለኛ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ፈጥኖ አይታይምና። ማጣሪያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዓይነት በውስጡ ባለው ቀለም የማይፈልገውን ብርሃን ይውጣል። ሌላው ዓይነት በመስታወቱ ላይ በተደራረቡ እጅግ ስስ ቅቦች አማካይነት የማይፈልገውን ብርሃን ይመልሳል። የዚህ የሁለተኛው ድንበር ብርሃኑ በሚመጣበት ማዕዘን ይለዋወጣል። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ከ720 ናኖሜትር በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ በ60 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ለሚመጣ ብርሃን ድንበሩ ወደ 650 ናኖሜትር ገደማ ሊወርድ ይችላል። 650 ናኖሜትር ደግሞ የሚታይ ቀይ ነው። ክሎሮፊል ቀዩን እንደሚውጠው ቀደም ብለን ተናግረናል። እንግዲህ በሥዕሉ መካከል ያለው ዛፍ በንጹሕ ታሕተ ቀይ ነጭ ሆኖ ሲታይ፣ በዳር ያለው፣ እኩል ጤነኛ የሆነው ዛፍ፣ ቀይ ብርሃን ተደባልቆበት ከአፈሩና ከግንዱ አንጻር ደብዝዞ ይታያል። ይህን የማያውቅ ተመልካች «በዳር ያሉት ዛፎች ታመዋል» ብሎ ይጽፋል። ዛፎቹ ግን ደኅና ናቸው፤ የታመመው የማጣሪያው ቦታ ነው።

ስለዚህ የሌንስ ሠሪዎች ማጣሪያውን ከፊት አንሥተው ወደ ውስጥና ወደ ኋላ ወሰዱት። ኒኮን በ1962 ያወጣው የ8 ሚሊሜትር የዓሣ ዐይን ሌንስ በራሱ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከሩ ማጣሪያዎች ነበሩት፤ ቀይም ከነዚያ አንዱ ነበር። ሌንሱ ወደ ካሜራው ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ የካሜራው መስታወት ወደ ላይ ተነሥቶ መያዝ ነበረበት፤ ለማየትም ሌላ መመልከቻ ያስፈልግ ነበር። በፊልም ዘመን ቀዩ ማጣሪያ ለዚህ ሥራ ይበቃ ነበር፤ የኮዳክ ፈጣን የኢንፍራሬድ ፊልም ለታሕተ ቀይ በጣም ንቁ ነበርና። ያ ፊልም በ2007 መሠራቱ እንዲያበቃ ተወሰነ። የኒኮን 16 ሚሊሜትር የዓሣ ዐይንና የሩስያው ዜኒታር 16 ሚሊሜትር ደግሞ ማጣሪያቸውን ከኋላ ይይዛሉ። በነዚህ ላይ የኋላው ማጣሪያ የሌንሱ ሒሳብ አንዱ ክፍል ስለሆነ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው መግባት አለበት። ካኖን ከ8 እስከ 15 ሚሊሜትር ባለው የዓሣ ዐይን ሌንሱ ጀርባ ላይ ተቆርጦ የሚገባ የጄላቲን ማጣሪያ መያዣ አድርጓል።

ከኋላ ማድረጉ ለምን ይሻላል? ሌንሱ ከየአቅጣጫው የመጣውን ብርሃን አጥፎ ካስተካከለው በኋላ፣ ከኋላ በኩል ጨረሩ ወደ መቀበያው የሚሄደው በመጠነኛ ማዕዘን ብቻ ነው። ስለሆነም የመካከሉም የዳሩም ብርሃን ማጣሪያውን በተቀራረበ ሁኔታ ያልፋል፤ ሦስቱም እንቅፋቶች በአንድ ጊዜ ይቃለላሉ።

ነገር ግን ይህም ዋጋ አለው። በሌንሱና በመቀበያው መካከል የገባ መስታወት ሥዕሉ የሚጠራበትን ቦታ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ግፊቱም የውፍረቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ሥዕሉን በ0.67 ሚሊሜትር ያርቀዋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ለ8 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ሩቁን ተራራ ለማጥራት ቀለበቱን 10 ሴንቲሜትር እንኳ ለማይርቅ ነገር እንደሚያጠሩ ያህል ማዞር ማለት ነው። ብዙ ሌንስ እስከዚያ አይዞርም። የጄላቲን ማጣሪያ ውፍረት ግን 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ግፊቱ 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 ብናጠብበው ስሕተቱ አይታወቅም። ታሕተ ቀይ ራሱም ከሚታየው ብርሃን ጥቂት ራቅ ብሎ ስለሚጠራ፣ በቀድሞ ሌንሶች ላይ ለዚሁ የሚሆን ቀይ ምልክት ይገኝ ነበር። ሁለቱ ስሕተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚደመሩ ቀለበቱን ወደ ቅርቡ በኩል ማዞር ያስፈልጋል። የመጨረሻው ዳኛ ግን ሥዕሉን በካሜራው ጀርባ አጉልቶ ማየት ነው።

ስለ ገንዘብም እንናገር፤ የተማሪ ኪስ የታወቀ ነውና። ብርሃን ሳያይ በሚገባ የታጠበ የስላይድ ፊልም ለዐይን ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ታሕተ ቀዩን ግን ያሳልፋል። ከፎቶ ቤት የተጣለ ቁራጭ ተገኝቶ በልኩ ተቆርጦ ከሌንሱ ጀርባ ቢገባ፣ ጥራቱ ከተገዛው ባይስተካከልም መማሪያ ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ ማጣሪያውን በካሜራው ሆድ ውስጥ፣ ከመቀበያው ፊት ማድረግ ነው። ሠሪዎች በእያንዳንዱ ዲጂታል ካሜራ መቀበያ ፊት ታሕተ ቀዩን የሚያግድ መስታወት ያስገባሉ፤ አለዚያ የተራው ፎቶግራፍ ቀለም ይበላሻል። ይህ ዘበኛ በቦታው እያለ እኛ ከሌንሱ ኋላ ሌላ ማጣሪያ ብናደርግ፣ አንዱ የሚያሳልፈውን ሌላው ይከለክላል። አምልጦ የሚገባው ጥቂት ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሥዕል ለማንሣት ብዙ ሰከንድ ይፈልጋል። ዘበኛው ወጥቶ በምትኩ የታሕተ ቀይ ማጣሪያ ቢገባ፣ ካሜራው ፍጥነቱን ያገኛል፤ ማንኛውም ሌንስ፣ የዓሣ ዐይኑም ጭምር፣ ያለ ሌላ ማጣሪያ ይሠራል። ዋጋው ደግሞ ካሜራው ከዚያ ወዲህ ለተራ ሥዕል አለመሆኑ ነው። በዘበኛው ቦታ ሁሉን የሚያሳልፍ ንጹሕ መስታወት አስገብቶ ማጣሪያውን ከሌንሱ ጀርባ መለዋወጥም ይቻላል፤ ለትምህርት ቤት የሚሻለው ይህ ይመስለናል፤ አንድ ካሜራ ለብዙ ሥራ ይሆናልና። ሥራውን ግን ለባለሙያ መተው ነው። በካሜራው ፍላሽ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊያደርስ ይችላል።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያም አለን፤ ይህን ማንም እንዳይረሳው። በታሕተ ቀይ ማጣሪያ ፀሐይን አትመልከቱ። ማጣሪያው ጥቁር ስለሆነ የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን የዐይንን ግርጌ የሚያቃጥለው ጨረር ሳይከለከል ያልፋል። ጨለማ መስሎት የዐይናችን ብሌን ይሰፋል፤ ጉዳቱም ሕመም ሳይሰማ ይደርሳል።

ስለ ፓኖራማው ደግሞ ጥቂት እንበል። ዙሪያውን 360 ዲግሪ፣ ከእግር ሥር እስከ ራስ በላይ 180 ዲግሪ የሚያሳይ ሙሉ ሥዕል ለማግኘት፣ ክብ ሥዕል በሚሰጠው በ8 ሚሊሜትሩ ሌንስ ካሜራውን በየ120 ዲግሪው እያዞሩ ሦስት ጊዜ ማንሣት ይበቃል። በ15 ወይም በ16 ሚሊሜትሩ ግን ካሜራውን አቁሞ ስድስት ጊዜ ዙሪያውን፣ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ታች ማንሣት ያስፈልጋል። የሚዞረውም በካሜራው መጠምዘዣ ላይ ሳይሆን ብርሃኑ በሌንሱ ውስጥ የሚሰበሰብበትን ነጥብ ማዕከል አድርጎ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ቅርብና አንድ ሩቅ እንጨት በአንድ መስመር አቁሙ፤ ካሜራው ሲዞር ሁለቱ ካልተለያዩ ነጥቡ ተገኝቷል። ሥዕሎቹን ለመስፋት ገንዘብ አያስፈልግም። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሄልሙት ዴርሽ ከ1998 ጀምሮ ያበረከተው ፓኖራማ ቱልስ የተባለ ፕሮግራም፣ በእርሱም ላይ የተሠራው ሁጂን፣ ለሁሉም በነጻ የተሰጡ ናቸው።

በታሕተ ቀይ ሲሆን ግን በስፌቱ ላይ ልዩ ጠላት ይነሣል። የሌንሶች ቅብ የተሠራው ለሚታየው ብርሃን ስለሆነ፣ ታሕተ ቀዩ በሌንሱ ውስጥ እየተንጸባረቀ በሥዕሉ መካከል የነጣ ክብ ሊያኖር ይችላል። በአንድ ሥዕል ላይ ብቻ ቢሆን ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። በፓኖራማ ላይ ግን በእያንዳንዱ ሥዕል መካከል ስለሚደጋገም በአድማሱ ዙሪያ እንደ ተሰቀሉ ፋኖሶች ይታያል። ክቡ የሚጐላው የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ነው። ስለዚህ ፎከሱ በሚፈልገው ጥበትና ክቡ በሚፈልገው ስፋት መካከል፣ ኤፍ 5.6ን ወይም ኤፍ 8ን መምረጥ ይበጃል። ደግሞም የብርሃኑ መጠንና የቀለሙ ሚዛን ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው አንድ ሆኖ መቆለፍ አለበት፤ ካሜራው በራሱ ፈቃድ ከለዋወጠው አንዱ ዛፍ በግራ ነጭ፣ በቀኝ ግራጫ ይሆናል። የዓሣ ዐይን ፀሐይን ከሥዕሉ ማስወጣት ስለማይችልም፣ ፀሐይ ከግንድ ወይም ከግድግዳ ኋላ የምትሆንበትን ቦታ መምረጥ ነው። ነፋስ ያለበት ቀን ለረጅም ሰከንድ ሥራ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለውበቱ ብቻ ቢሆንም አያስነቅፍም፤ ነጭ ደን በጥቁር ሰማይ ሥር ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ተራ ሥዕል ከዛፍ ሥር ወደ ላይ ሲነሣ ቅጠሉም ቅርንጫፉም እኩል ጥቁር ይሆናል። በታሕተ ቀይ ግን ቅጠሉ ስለሚነጣ ከግንዱና ከቅርንጫፉ ለመለየት ይረዳል። በአገራችን በሰሜኑ ክፍል፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ በእርሻና በግጦሽ መካከል እንደ ደሴት የቀሩ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች አሉ። በአንዱ ደን ውስጥ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ምልክት ላይ ቆሞ፣ በአንድ ማጣሪያ ሙሉ ፓኖራማ የሚያነሣ ተማሪ ቢገኝ፣ ደኑ እየሳሳ መሄዱን ወይም እየተጠናከረ መምጣቱን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያሳይ ማስረጃ ያኖራል። ካህናቱና የአካባቢው ሰዎች ደኑን በእምነት ጠብቀው አቆይተውታል፤ የተማረው ክፍል ደግሞ በትክክል መዝግቦ ቢያግዛቸው ምን ይጎድልበታል?

ነገር ግን «በትክክል» ስንል ቀልድ አይደለም። አንድ የታሕተ ቀይ ሥዕል ብቻውን የቅጠሉን ጤንነት አይመሰክርም። የተጨነቀ ቅጠል በታሕተ ቀይ ለጥቂት ጊዜ ነጭነቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጠቢባን ታሕተ ቀዩን ከሚታየው ቀይ ጋር ያነጻጽራሉ፤ የሁለቱን ልዩነት ለሁለቱ ድምር ያካፍላሉ። ሳተላይቶችም የምድርን ልምላሜ የሚለኩት በዚህ ዘዴ ነው። ሌላም አለ፤ በ720 ናኖሜትር ማጣሪያ የሚገኘው ሥዕል ጥቂት ቀለም ስላለው፣ ብዙዎች ቀዩንና ሰማያዊውን እየለዋወጡ ሰማዩን ሰማያዊ ያደርጉታል። ይህ ለጌጥ ከሆነ መልካም ነው፤ የተፈጥሮ ቀለም ነው ብሎ ማቅረብ ግን ማታለል ነው። በ850 ናኖሜትር ማጣሪያ ደግሞ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በማንኛውም የታሕተ ቀይ ሥዕል ሥር ማጣሪያው ከስንት ናኖሜትር ጀምሮ እንደሚያሳልፍና ከፊት፣ ከኋላ ወይም ከውስጥ መሆኑ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበትን ሥዕል ለጌጥ ስቀሉት እንጂ ማስረጃ አታድርጉት። ሁለተኛ፣ ወደ ደን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅጠላማ ቅርንጫፍ በሥዕሉ መካከልም በሥዕሉ ዳርም አድርጋችሁ አንሡ። ቅርንጫፉ አንድ፣ ብርሃኑም አንድ ሆኖ ሳለ ንጣቱ ከተለያየ ጥፋቱ የመሣሪያው ነውና ደኑን አትክሰሱት። ሦስተኛ፣ የፊዚክስ፣ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ክፍሎች በዚህ ሥራ ይገናኙ። ክቡራን መምህራኖቻችንንም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የብርሃንን መታጠፍ በአንድ ክፍል፣ ክሎሮፊልን በሌላ ክፍል ተምረን፣ ሁለቱ በአንድ ዛፍ ላይ መገናኘታቸውን ሳናይ እንዳንመረቅ።

ዓሣ ከውኃው ውስጥ ሆኖ ሰማይን በሙሉ ያያል፤ የሚያየው ግን ውኃው አጥፎ የሰጠውን ነው። ማጣሪያ የሚጠቀም ሰውም የሚያየው ማጣሪያው ያሳለፈለትን ብቻ ነው። ያሳለፈውንና ያስቀረውን ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ባየው ነገር ላይ ሊመሰክር ይችላል።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የሚያርመንም ቢኖር በደስታ እንቀበላለን።